እንግዳና ባለቤት በኩምቡ ሸለቆ

እንግዳ መቀበል መልካም ልማድ መሆኑን የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን አንድና ሁለት ሆኖ የመጣ እንግዳ ደስታ ቢሆንም፤ የእንግዳው ቁጥር ከባለቤቱ ቁጥር ስምንት እጥፍ በሆነ ጊዜ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ያን ጊዜ መጠየቅ የሚገባው በቤቱ ውስጥ አዛዡ ማን ነው ተብሎ ነው። ባለቤቱ የቤቱን ሥርዓት እርሱ ራሱ እየሠራና እየጠበቀ ከኖረ እንግዳው በረከት ይሆንለታል፤ ሥርዓቱን ለሌላ ትቶ ዋጋውን ብቻ የሚቀበል ከሆነ ግን ውሎ አድሮ በገዛ ቤቱ ሎሌ ሆኖ ይገኛል።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆን፤ በሂማላያ ተራሮች ሥር በኔፓል አገር የሚገኘውን የኩምቡን ሸለቆ ታሪክ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የኩምቡ ሸለቆ የሚገኘው በኔፓል ሰሜን ምሥራቅ፤ ከዓለም ተራሮች ሁሉ በሚበልጠውና ቁመቱ 8,848.86 ሜትር በሆነው በኤቨረስት ግርጌ ነው። በመካከሉ የሚወርደው ወንዝ ዱድ ኮሲ ይባላል፤ ትርጓሜውም የወተት ወንዝ ማለት ነው። ከበረዶው ግግር ሥር ወጥቶ በድንጋይ መካከል እየተፈጨ ሲወርድ ውኃው ነጭ ሆኖ ስለሚታይ ይህን ስም አገኘ። መንደሮቹ ከወንዙ በላይ በተራራው ወገብ ላይ ተቀምጠዋል። ትልቁ መንደር ናምቼ በ3,440 ሜትር ከፍታ ላይ እንደ ፈረስ ኮቴ ተከቦ ይታያል፤ ኩምጁንግ፤ ኩንዴና ታሜ ደግሞ ከርሱ ይልቅ ከፍ ብለው ይገኛሉ። ሉክላ ከምትባለው የአይሮፕላን ማረፊያ በላይ እስከ ዛሬ የመኪና መንገድ የለም። ሰውም ዕቃም የሚሄደው በእግር፤ በከብት ጀርባ ወይም በሄሊኮፕተር ነው። ከሉክላ እስከ ናምቼ መንገደኛ ሁለት ቀን ይሄዳል።

በዚህ ስፍራ የሚኖሩት ሰዎች ሼርፓ ይባላሉ። ስማቸው በቋንቋቸው የምሥራቅ ሰዎች ማለት ነው፤ አባቶቻቸው ከአምስት መቶ ዓመት ያህል በፊት ከምሥራቅ ቲቤት ተነሥተው ወደዚህ ሸለቆ ገብተዋልና። ሃይማኖታቸው የቡድሃ ሃይማኖት ነው። አገራቸውንም ለመከራ ቀን ተሸሽጎ የቆየ ስውር ሸለቆ ነው ብለው ስለሚያምኑ፤ በውስጡ አራዊት መግደልን እንደ ነውር ይቆጥሩታል። ከኩምጁንግ በላይ የቆመው ኩምቢላ የተባለው ተራራ የአገሩ ጠባቂ ማደሪያ ነው ስለሚባል፤ የዓለምን ታላላቅ ተራሮች የወጡ እነዚህ ሰዎች እርሱን አይወጡትም፤ እንግዳም እንዲወጣው አይፈቅዱም። ይህ ተራራ ከኤቨረስት ጋር ሲመዛዘን ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በዚህ አገር ገንዘብ የማይገዛው ነገር መኖሩን ለመጣው ሁሉ ያስታውቃል።

ቀድሞ አኗኗራቸው እንደማንኛውም የደጋ አገር ሰው ነበር። በድንጋይ ካብ በታጠረች ጠባብ መሬት ላይ ገብስ ይዘሩ ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መካከል ድንች ወደ ሸለቆው ከገባ በኋላ ደግሞ ዋናው ምግባቸው ድንች ሆነ። ያክ የሚባለውን ጠጉራም ከብት ያረባሉ፤ ከርሱም ወተቱን፤ ጠጉሩንና ጉልበቱን ያገኛሉ፤ ኩበቱንም ያነዳሉ። ቤታቸው ባለ ሁለት ደርብ ነው፤ በታች ከብቱና ማገዶው፤ በላይ ሰዎቹ ያድራሉ። ከእርሻውና ከከብቱ በላይ ሀብታቸው ንግድ ነበር። ከ5,700 ሜትር በላይ በሆነው የናንግፓ በር ተሻግረው ከቲቤት ጨውና ሱፍ ያመጣሉ፤ ከቆላው ደግሞ እህል ወደ ቲቤት ያሻግራሉ።

ይልቁንም ሊጠቀስ የሚገባው የአስተዳደራቸው ልማድ ነው። በየመንደሩ ናዋ የሚባሉ ሹማምንት በየጊዜው ከሕዝቡ መካከል ይመረጡ ነበር። ሥራቸው እንደ መስክ ዳኛ ያለ ነው። አንዳንዶቹ ከብቱ ከመንደሩ ወጥቶ ወደ ላይኛው ግጦሽ የሚሄድበትን ቀን ይቈርጣሉ፤ ይኸውም ቡቃያው በከብት እንዳይበላ ነው። ሌሎቹ ዱሩን ይጠብቃሉ፤ ማን ስንት እንጨት እንደ ቈረጠ ይቈጣጠራሉ፤ ሥርዓቱን ያፈረሰውንም መቀጮ ያስከፍላሉ። በ1953 ወደ ሸለቆው የሄደው የሕዝቦችን ልማድ የሚመረምረው ሊቅ ክሪስቶፍ ፎን ፉረር ሃይመንዶርፍ ይህን ልማድ አይቶ በመጽሐፉ አመስግኖታል። ሹሞቹ ደመወዝ የሌላቸው፤ ጠመንጃም የማይዙ ነበሩ፤ ኃይላቸው የጐረቤት ኃፍረት ብቻ ነበረ።

እንግዲህ ይህ ጸጥ ያለ ኑሮ በጥቂት ዓመት ውስጥ በሁለት ነገር ተለወጠ። የመጀመሪያው የንግዱ መዘጋት ነው፤ ከ1959 በኋላ በቲቤት በሆነው ነገር ምክንያት የናንግፓ በር ንግድ ተሰናክሎ ብዙ ቤት ከገቢው ተለየ። ሁለተኛው የእንግዳው መምጣት ነው። ኔፓል በሯን ለውጭ አገር ሰው ከከፈተች በኋላ በ1950 የመጀመሪያዎቹ የምዕራብ ሰዎች ኩምቡን አዩ። በሜይ 29 ቀን 1953 የኒው ዚላንዱ ኤድመንድ ሂላሪና ቴንዚንግ ኖርጌይ ኤቨረስትን በወጡ ጊዜ ደግሞ የሸለቆው ስም በዓለም ሁሉ ተሰማ። አንደኛው በር ሲዘጋ ሁለተኛው ተከፈተ ማለት ይቻላል፤ ሁለተኛው በር ባይከፈት ኖሮ የዚያ ሸለቆ ሰው ወዴት ይሰደድ እንደ ነበር ማሰብ ይገባል።

ሰር ኤድመንድ ሂላሪ ክብራቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ገብተው ዝም አላሉም። ለሕዝቡ ምን ይጠቅማችኋል ብለው ቢጠይቁ ትምህርት ቤት የሚል ልመና ስለ ሰሙ፤ በ1961 የኩምጁንግ ትምህርት ቤት ተሠራ። በ1966 ደግሞ በኩንዴ ሐኪም ቤት ቆመ። ለሐኪም ቤቱ የሚያስፈልገውን ዕቃ በቅርብ ለማድረስ በ1964 በሉክላ የአይሮፕላን ማረፊያ ተበጀ። መሬቱ ከገበሬዎች ተገዝቶ ድንጋዩ ከተለቀመ በኋላ አፈሩ ልል ሆኖ ስላስቸገረ፤ የአገሩ ሰዎች ተሰብስበው፤ ጠላቸውን ጠጥተው፤ ክንድ ለክንድ ተያይዘው እየዘፈኑ በእግራቸው ደልድለው አጸኑት ይባላል። ዛሬ ያ ሜዳ አስፋልት ለብሷል፤ ርዝመቱም 527 ሜትር ብቻ ነው። ለበሽተኛ መድኃኒት እንዲያመጣ የተሠራው ይህ ሜዳ ከሐኪሙ ይልቅ ጎብኚን አበዛ። በ1965 አንድ የእንግሊዝ ጡረተኛ መኮንን፤ ጂሚ ሮበርትስ፤ ሦስት አሜሪካውያን ሴቶችን ለሽርሽር ወደ ኩምቡ ላኩ። ተራራ ለመውጣት ሳይሆን በእግር ለመንሸራሸር፤ አየርና አገር ለማየት ብቻ ገንዘብ ከፍሎ መሄድ በዚያ አገር የተጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ከሦስቱ ሴቶች ወዲህ ቁጥሩ እየበዛ ሄዶ፤ በ2018 ወደ ሸለቆው የገቡት የውጭ አገር ሰዎች ከ50,000 በላይ ሆኑ። በፓርኩ ክልል ባሉት ከሃያ በሚበልጡት መንደሮች የሚኖረው ሼርፓ ግን ከስድስት ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ከዚህ የተገኘው ጥቅም ግልጽ ነው። ጨው ተሸክሞ በረዶ ሲሻገር የነበረው ሰው ልጅ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ባለቤት፤ መንገድ መሪ፤ ሐኪም፤ አይሮፕላን ነጂ ሆኗል። ከአንዲት ክፍል ትምህርት ቤት የወጡ ልጆች በውጭ አገር ተምረው ተመልሰዋል። ይህን ክዶ ድህነት ለድኃ ያምርበታል የሚል ሰው ቢኖር፤ እርሱ ራሱ አንድ ክረምት በድንች ብቻ ይክረምና ይንገረን።

የሆነ ሆኖ ጥቅም ብቻውን አይመጣም። መጀመሪያ የተጐዳው ዱሩ ነው። በየጊዜው የሚመጣው ተራራ ወጪ በመቶ የሚቈጠሩ ተሸካሚዎችን አስከትሎ በየሰፈሩበት እሳት ያነድ ነበር፤ በዚያ ከፍታ ላይ ደግሞ አንድ የጥድ ቁጥቋጦ ክንድ ያህል ለመሆን ብዙ ዘመን ይፈጅበታል። ነገሩን ያባሰው በ1957 የኔፓል መንግሥት ዱሩን ሁሉ የመንግሥት ነው ብሎ ያወጀው ሕግ ነበር። ሐሳቡ ዱሩን ለመጠበቅ ነበር፤ ነገር ግን ፈቃድ የሚሰጠው ሹም ከሸለቆው የብዙ ቀን መንገድ ርቆ ስለሚኖር፤ ናዋዎቹም ሥልጣናቸውን ስላጡ፤ ዱሩ ጠባቂ አጣ። የሁሉም ነው የተባለው ነገር የማንም ሳይሆን ቀረ። ከዚህ አብነት እንደምናየው፤ መልካም ሐሳብ ያለው ሕግ እንኳ የአገሩን ጠባቂ ሳያማክር ሲወጣ ያሰበውን ተቃራኒ ይሠራል።

በ1976 ሸለቆው 1,148 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የሳጋርማታ ብሔራዊ ፓርክ ተባለ፤ በ1979ም በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ሕዝቡ መጀመሪያ እጅግ ፈራ፤ ከመሬታችን ሊያስነሡን ነው፤ ማገዶና ግጦሽም ሊከለክሉን ነው ብሎ አጕረመረመ። ወታደሮች ለጥበቃ በገቡ ጊዜም ፍርሃቱ በዛ። ዳሩ ግን ሁለት ነገሮች ነገሩን ወደ ደግ መለሱት። አንደኛው መንደሮቹ በየቦታቸው እንዲቀመጡ መደረጉ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የፓርኩ ሹመት ለአገሩ ልጅ መሰጠቱ ነው፤ የኩንዴ ተወላጅ የሆኑት፤ በኩምጁንግ ትምህርት ቤት ጀምረው በኒው ዚላንድ የተማሩት ሚንግማ ኖርቡ ሼርፓ ከአገሩ ሰዎች የመጀመሪያው የፓርክ ኃላፊ ሆኑ። የናዋዎቹ ልማድ እንደገና እንዲነሣ ተደረገ፤ መንገደኛና ተራራ ወጪም ነዳጁን ይዞ እንዲመጣ እንጂ የዱሩን እንጨት እንዳያነድ ታዘዘ። እኒህ ሰው በ2006 በምሥራቅ ኔፓል በደረሰ የሄሊኮፕተር አደጋ ከሌሎች የተፈጥሮ ጠባቂዎች ጋር ሞቱ፤ ሥራቸው ግን አልሞተም። ከ2002 ወዲህም ከፓርኩ ገቢ ከመቶ ሠላሳ እስከ ሃምሳ የሚሆነው ለዙሪያው ሕዝብ ሥራ እንዲመለስ ተደንግጓል።

ሁለተኛው ጉዳት ቆሻሻ ነው። እንግዳ በልቶ ሲሄድ ቆርቆሮውንና ጠርሙሱን ትቶ ይሄዳል፤ በብርድ አገር ደግሞ ቆሻሻ አይበሰብስም። ስለዚህ በ1991 የአገሩ ሰዎች ከቴንግቦቼ ገዳም አበምኔት ጋር ተማክረው ቆሻሻን የሚቈጣጠር ማኅበር አቆሙ። በ1998ም የመስታወት ጠርሙስ ወደ ሸለቆው እንዳይገባ ተከለከለ። ቢራ ሻጩ ሁሉ የጐረቤት ሰው በሆነበት አገር እንዲህ ያለ ክልከላ ማጽናት ቀላል አይደለም፤ የጸናውም ያው የቀድሞው የጐረቤት ኃፍረት ስለ ረዳው ነው።

የመብራቱም ነገር ይኸንኑ ያስረዳል። ለናምቼ የሚሆን የውኃ ኃይል ማመንጫ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፤ በኦገስት 4 ቀን 1985 ከታሜ በላይ ያለው የዲግ ጾ ሐይቅ ገደቡ ተደርምሶ ማመንጫውን፤ ድልድዮችን፤ ብዙ ቤትንና እርሻን ጠርጎ ወሰደ። ከዚያ በኋላ በሌላ ስፍራ በኦስትሪያ ርዳታ የተሠራው ማመንጫ በ1995 ሥራ ጀመረ፤ አስተዳደሩም መብራቱን ለሚጠቀሙት መንደሮች ኩባንያ ተሰጠ። ዛሬ ከጢስ ዓይኗ የዳነች እናት በኤሌክትሪክ ድንች ትቀቅላለች።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመለስ። የዚህ ሽርሽር ትልቁ ዋጋ የሚከፈለው በገንዘብ አይደለም። በኤፕሪል 18 ቀን 2014 ከኤቨረስት ትከሻ የተናደ በረዶ፤ ለእንግዶች ገመድና መሰላል ሊዘረጉ፤ ዕቃም ሊያደርሱ በሌሊት የወጡ 16 ኔፓላውያንን ገደለ፤ አብዛኞቹ ሼርፓዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን በቡድን ከሚመጡት ተራራ ወጪዎች ከእያንዳንዱ ሰው 10,000 ዶላር ያህል የፈቃድ ገንዘብ ለመንግሥት ይከፈል ነበር፤ ለሞቱት ቤተ ሰቦች ግን መጀመሪያ የታሰበላቸው 40,000 ሩፒ፤ ይኸውም 400 ዶላር ያህል፤ ለቀብር ማስፈጸሚያ ነበር። ሠራተኞቹ ይህን በሰሙ ጊዜ ኀዘናቸው ወደ ቍጣ ተለወጠ፤ የዚያን ዓመት ጉዞም ትተው ወረዱ። ከዚያ ወዲያ የሕይወት ዋስትናው ከፍ እንዲል ተደረገ። የፈቃዱም ዋጋ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ 15,000 ዶላር ሆኗል። ነገር ግን የሞተ አባት በዋስትና አይመለስም። በስፍራው አብሮ መታየት ያለበት ሌላም ሰው አለ፤ የሉክላን መንገድ ጎብጠው የሚወጡት ተሸካሚዎች ብዙዎቹ ከቆላው የሚመጡ የሌላ ወገን ድኆች ናቸው፤ ከእንግዳው ገንዘብም ወደ እጃቸው የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ስለ ራሱ ድርሻ የተሟገተ ባለቤት፤ ከበታቹ ላለው ሠራተኛ ድርሻም ማሰብ ይገባዋል።

ከዚህም ጋር የወጣቱ መሰደድ አለ። ሀብት ያገኘ ቤተ ሰብ ልጁን በካትማንዱ ያስተምራል፤ የተማረውም ልጅ ወደ ኒው ዮርክ ይሻገራል። ስለዚህ በብዙ መንደር ሽማግሌው ብቻ የድንቹን እርሻ ይዞ ቀርቷል። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ተራራው ተዘግቶ እንግዳ በጠፋ ጊዜ ግን፤ ብዙዎች ወደ ተናቀችው የድንች መሬት ተመለሱ፤ መሬቲቱም አልጨከነችባቸውም። እንግዳ በአንድ ዓመት ሊቀር ይችላል፤ እርሻውን ያልጣለ ሰው ያን ዓመት ይሻገረዋል። ተራራውም ቢሆን በአየሩ መሞቅ ምክንያት እየተለወጠ ነው፤ በኦገስት 16 ቀን 2024 ከበላይ ያሉ የበረዶ ሐይቆች ፈርሰው የታሜን ትምህርት ቤትና ቤቶች በጐርፍ አጥፍተዋል። ጐርፉ የመጣው በቀን ስለ ነበር ሰው አልሞተም።

ይህን ስናነብ የሰሜን ተራሮቻችን ትዝ ሊሉን ይገባል፤ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1978፤ ኩምቡን አንድ ዓመት ቀድሞ ነውና። በደባርቅም መንገድ መሪው፤ ዘበኛው፤ ወጥ ሠሪውና ባለ በቅሎው ከእንግዳ ይኖራሉ። ዋልያው በመጥፋት አፋፍ ላይ ስለ ነበረ ፓርኩ ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር ተቈጠረ፤ በ2016ም የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። የኩምቡ መንደሮች በፓርኩ መካከል ቀሩ፤ የግጭ መንደር ወጣ። የመሬቱ ጠባይና የሕዝቡ ብዛት ስለሚለያይ አንደኛውን በሌላው መመዘን አይገባም። ነገር ግን የሄደውም የቀረውም ሰው ከተራራው ገቢ ድርሻውን ማግኘቱና በሥርዓቱም ላይ ድምፅ መኖሩ፤ በሁለቱም አገር አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው።

በኤቨረስት ላይ በ1993 ከኔፓል ሴቶች የመጀመሪያ ሆና የወጣችው ፓሳንግ ላሙ ሼርፓ ስትወርድ በመንገድ ሞተች። ዛሬ የሸለቆው ማዘጋጃ ቤት በስሟ ይጠራል፤ ይኸው ማዘጋጃ ቤትም ከ2017 ጀምሮ ወደ ኩምቡ ከሚገባው የውጭ አገር ሰው ሁሉ ክፍያ ይቀበላል። እንግዳ የሚቆምበት የመጀመሪያው በር ለተራራው ሕይወቷን በከፈለች በአገሩ ልጅ ስም የተጠራ ነው፤ ተቀባዩም የአገሩ ሰው ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ምክር ይህ ነው። ተራራና ሸለቆ ያለው አገር በአየሩና በመልኩ ሊጠቀም ይገባዋል፤ ሰውም ከሥራው ዐርፎ በእግሩ ሄዶ የአምላክን ሥራ ማየቱ ለሥጋውም ለነፍሱም ደግ ነው። ነገር ግን መንገድ ሳይጠረግ፤ ማረፊያም ሳይሠራ አስቀድሞ፤ ዱሩን የሚጠብቀው ማን ነው፤ ቆሻሻውን የሚያነሣው ማን ነው፤ ሲሞት የሚካሰው ማን ነው፤ ገቢውስ ለማን ይደርሳል የሚሉት ጥያቄዎች ከመንደሩ ሰው ጋር ተቀምጦ መመለስ አለባቸው። ኩምቡ እነዚህን ጥያቄዎች የመለሰው አንዳንዱን በጊዜው፤ አንዳንዱን ከሞት በኋላ ነው። ዘግይተን የምንጀምር ሰዎች ያለን ዕድል ከዘገየው መልስ መማር ነው። እንግዳ ሲመጣ በሩን እንክፈትለት፤ ቁልፉ ግን ከባለቤቱ እጅ አይውጣ።